የከፈልንበትን ዳታ ድጋሚ አታስከፍሉን፦ ስለ ኢንተርኔት ጥሪ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ፣ «የዋትስአፕና የኢሞ ጥሪ እንደ ስልክ ይከፈልበት» የሚል ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ሁለቱ «እውነቱን ነው፣ አንብበው» ብለው ላኩልኝ፤ አንዱ ተናዶ ነው የላከው። አራተኛዋ ደሴ ያለችው አክስቴ ናት። እሷ ጽሑፉን አላነበበችውም። ጎረቤት ነግሯት «ኢሞ ሊከፈልበት ነው አሉ፣ እውነት ነው ወይ ልጄ?» ብላ በድምፅ መልእክት ጠየቀችኝ። ልጇ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ፊቷን የምታየው በኢሞ ነው።

ለአክስቴ «አይዞሽ፣ አንድ ሰው የጻፈው ሐሳብ እንጂ ሕግ አይደለም» ብዬ መለስኩላት። ጸሐፊውን ግን እንዲሁ ማለፍ አልፈለግሁም። ጽሑፋቸው ስድብ የለበትም፣ ተለፍቶበታል፣ ካነሷቸው ችግሮችም እውነተኛ የሆኑ አሉ። መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው፤ የሕግ አውጪ ጆሮ ካገኘም መጀመሪያ የሚጎዳው እንደ አክስቴ ያለውን ሰው ነው።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጠው። በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ጥሪ ስልክ ነው፤ ስልክ ከሆነ ደግሞ እንደ ስልክ ፈቃድ ማውጣትና መክፈል አለበት ይላሉ። ምክንያቶቻቸው አምስት ናቸው። ዋትስአፕ፣ ኢሞ፣ ቫይበርና ቴሌግራም ሌላው በዘረጋው ኔትወርክ ላይ በነፃ እየሠሩ የቴሌኮም ኩባንያዎችን ገቢ ይበላሉ። ከውጭ የሚገባውን ጥሪ ስለሚወስዱ አገሪቱ ዶላር ታጣለች፤ በዚህ ከሲም ቦክስ፣ ማለትም ከውጭ የመጣን ጥሪ የአገር ውስጥ አስመስሎ ከሚያወጣው ሕገወጥ መሣሪያ፣ አይለዩም። ሊመረመሩ ስለማይችሉ ለጸጥታ አደገኛ ናቸው። ሌሎች አገሮችም አስከፍለዋል ወይም ዘግተዋል፤ አሜሪካና አውሮፓ እንኳ ይቆጣጠራሉ። በመጨረሻም የእኛው ሕግ ቀድሞውኑ ስለሚከለክል እሳቸው የሚጠይቁት የተጻፈው እንዲተገበር ብቻ ነው።

«በነፃ» ከሚለው ቃል ልጀምር፤ የቀረው ክርክር ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። አክስቴ ኢሞ ከመክፈቷ በፊት የሱቁን ልጅ ጠርታ ካርድ ታስሞላለች፣ የዳታ ጥቅልም ታስገዛለች። በዚያ ጥቅል ውስጥ ያልተከፈለበት ሜጋባይት የለም። ልጇም ቤይሩት ላይ ለዚያ አገር ኩባንያ ከፍላለች። ድምፃቸው በዳታ ተቆራርጦ ሲሄድና ሲመለስ የመንገዱ ዋጋ በሁለቱም ጫፍ ተከፍሏል። የሌለው ነገር የደቂቃ ሒሳብ ብቻ ነው። መብራት ኃይል ቆጣሪ አንብቦ ያስከፍላል፤ «በዚህ መብራት እንጀራ ጋገርሽበት ወይስ ቴሌቪዥን አየሽበት?» ብሎ ለምጣዱ ሌላ ዋጋ አይቆርጥም። ጸሐፊው የሚጠይቁት ግን ለምጣዱ የተለየ ዋጋ እንዲቆረጥ ነው።

የኔትወርክ መጨናነቅ ነው የሚያሳስበን ካሉም ክሱ የተሳሳተ አድራሻ ላይ ደርሷል። ድምፅ ብቻ የሆነ የመተግበሪያ ጥሪ በደቂቃ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። ያው ሰው አጫጭር ቪዲዮዎችን እያገላበጠ ቢቀመጥ በዚያው ደቂቃ ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ቪዲዮው ምንም አልተባለም፤ ድምፁ ተከሰሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ድምፅ ድሮ በደቂቃ ይሸጥ የነበረ ዕቃ ነው። ስለዚህ የተነሳው የአሮጌ ገቢ ጥያቄ እንጂ የኔትወርክ ወጪ ጥያቄ አይደለም።

ቴክኒኩም ቢሆን አያግዛቸውም። በ4ጂ ኔትወርክ ላይ ለድምፅ ተብሎ የተለየ መስመር የለም። የኩባንያው የራሱ የስልክ ጥሪ ቮልቲኢ በሚባለው መንገድ ሲሄድ እንደ ዋትስአፑ ሁሉ በኢንተርኔት ፕሮቶኮል የታሸገ ዳታ ነው፤ ያ ካልተቻለ ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ወርዶ ይደውላል። «በኢንተርኔት ፕሮቶኮል የሚሄድ ድምፅ» የሚል ትርጓሜ ሕግ ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚይዘው ራሱን ፈቃድ ያለውን ኩባንያ ነው።

የደቂቃ ሽያጭ ገቢ በመተግበሪያዎቹ ምክንያት መቀነሱን ግን አልክድም። ብዙ አገር ላይ የታየ ነገር ነው። ጥያቄው ኩባንያዎቹን ገድሏቸዋል ወይ የሚለው ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅ ዋጋን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ቀነሰ። በግንቦት 2013 ደግሞ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ ቴሌግራምና ዋትስአፕ በየኪሱ ነበሩ። ያንን ሁሉ ዶላር ያወጣው ባለሀብት መተግበሪያዎቹ እንዳሉ አያውቅም ነበር? ያውቃል። ሰው ዳታ የሚገዛው ለእነሱ ሲል መሆኑንም ያውቃል። ዋትስአፕ የሌለበት የዳታ ጥቅል ማን ይገዛል?

ጸሐፊው በአንድ ቦታ ላይ «ሕዝቡ አይክፈል፣ ሜታና ጎግል ይክፈሉ» ይላሉ። ግዙፎቹ ኩባንያዎች በሚያተርፉበት አገር ግብር ይክፈሉ በሚለው ከልቤ እስማማለሁ። ግብር ግን አንድ ነገር ነው፣ «ኔትወርኬ ላይ ስለመጣህ ክፈል» ማለት ሌላ ነው። ደቡብ ኮሪያ ሁለተኛውን መንገድ ሞክራለች። ትዊች የተባለው የቀጥታ ቪዲዮ አገልግሎት የኔትወርክ ክፍያው ከሌሎች አገሮች በብዙ እጥፍ በልጦብኛል ብሎ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ከዚያ አገር ወጣ። ኮሪያ የራሷ መተግበሪያዎች አሏት፤ ሕዝቧ ወደ እነሱ ዞረ። ኢሞ ከኢትዮጵያ ቢወጣ አክስቴ ወዴት ትዞራለች?

የዶላሩና የሲም ቦክሱ ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የተሳበው በዚህ ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው በመደበኛ ስልክ ጎንደር ሲደውል የአሜሪካው ኩባንያ ጥሪውን ለሚያደርሰው የኢትዮጵያ ኩባንያ በደቂቃ የተቆረጠ የማድረሻ ክፍያ በዶላር ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ለድሃ አገሮች ለብዙ ዘመን ደህና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ያው ሰው በዋትስአፕ ሲደውል ክፍያው የለም። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ በትክክል ነው የገለጹት።

ሲም ቦክስ ግን ምን እንደሆነ አስቡት። ደዋዩ መደበኛ ቁጥር ደውሏል፤ ለኩባንያው ወይም ለኮሊንግ ካርዱ ሻጭ ከፍሏል። መሐል ላይ ያለው ደላላ ጥሪውን በኢንተርኔት ያመጣና አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ከተደበቀ፣ ብዙ ሲም ካርድ ከተሰካበት ሣጥን በአገር ውስጥ ጥሪ ዋጋ ያወጣዋል። ወንድምህ ከሜሪላንድ ደውሎልህ ስልክህ ላይ የማታውቀው 09 ቁጥር የመጣበት ቀን አለ አይደል? እሱ ነው። በማድረሻ ክፍያውና በአገር ውስጡ ታሪፍ መካከል ያለው ልዩነት ደላላው ኪስ ይገባል። እዚህ ላይ የተታለለ ሰው አለ፤ ሐሰተኛ ቁጥር አለ፤ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም አለ፤ ያልተከፈለ ዕዳ አለ። ወንጀል ነው፣ ይከሰስ፣ ይቀጣ። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ።

በኢሞው ጥሪ ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። የኔትወርኩ ቁጥር አልተነካም፣ ማንም ማንንም አላታለለም፣ ልዩነቱን ኪሱ የከተተ ደላላም የለም። «ሁለቱም ኢንተርኔት ተጠቅመዋል» ብሎ አንድ ማድረግ፣ የሰው ቧንቧ ሰርስሮ ውኃ የሚሸጠውንና ከገዛ ጓሮው ጉድጓድ ቀድቶ የሚጠጣውን በአንድ ክስ መጥራት ነው።

ሲም ቦክስን የሚያኖረውም ኢንተርኔት ሳይሆን የዋጋው ክፍተት ነው። ከውጭ የሚመጣ ደቂቃ ከአገር ውስጡ ደቂቃ ብዙ እጥፍ እስከተወደደ ድረስ መሐሉ ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም። በፊት ኮል ባክ የሚባለው፣ ጥሪውን ዋጋው ከሚረክስበት አገር መልሶ የሚያስደውለው ዘዴ ነበር፤ አሁን ሲም ቦክስ ነው፤ ነገ ሌላ ይመጣል። በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የመገናኛ ኮሚሽን የአገሩ ኩባንያዎች ለውጭ አቻዎቻቸው በሚከፍሉት የማድረሻ ዋጋ ላይ ጣሪያ አስቀመጠ፤ ለሀብታም አገሮች 15፣ ለመካከለኞቹ 19፣ ለድሆቹ 23 ሳንቲም በደቂቃ። ብዙ አገሮች ገቢያችን ሊጎድል ነው ብለው ተቃወሙ፣ ሥጋታቸውም መሠረት ነበረው። ዋትስአፕ ግን ያኔ አልነበረም። የማድረሻ ዋጋ መውረድ የጀመረው መተግበሪያዎቹ ከመምጣታቸው በፊት መሆኑን ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የስሌቱ ስሕተት ነው። ጸሐፊው በመተግበሪያ የተወራውን ደቂቃ ሁሉ «የጠፋ የስልክ ደቂቃ» አድርገው ይቆጥራሉ። አክስቴና ልጇ በሳምንት አንድ ሰዓት ያወራሉ። ኢሞ ቢዘጋ ያ አንድ ሰዓት ወደ መደበኛ ስልክ አይዞርም። ልጅቷ የቤይሩት ደመወዟን ይዛ የስልክ ሒሳብ ስታይ አንድ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይሆናል፤ «ደህና ናችሁ? ደህና ነኝ፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው» ብላ ትዘጋለች። አገሪቱ የምታገኘው የአምስት ደቂቃ ዶላር ነው፤ የምታጣው ደግሞ ቀሪው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው የወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጣሪያው ማፍሰስ፣ የአባቷ መድኃኒት የሚነሳው። ገንዘብ ከውጭ የሚላከው ከወሬ በኋላ ነው። ስደተኛ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የዶላር ሒሳብ የሚሠራ ሰውም ሊያውቀው ይገባል።

«ሌሎች አገሮችም አድርገውታል» ለሚለው፣ አዎ፣ አድርገውታል። ከዚያስ ምን ሆነ?

ዩጋንዳ ከሐምሌ 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋትስአፕንና ፌስቡክን ለመሳሰሉት በቀን 200 ሽልንግ አስከፈለች። በመጀመሪያው የበጀት ዓመት 284 ቢሊዮን ሽልንግ ይሰበሰባል ተብሎ 50 ቢሊዮን እንኳ አልሞላም። ሰዉ ገደብን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን የተባለ ፕሮግራም ጫነ፣ ዋይፋይ ፈለገ፣ ወይም ኢንተርኔቱን ራሱ ተወ። በ2021 እ.ኤ.አ. መንግሥት የቀን ክፍያውን ትቶ በምትኩ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ታክስ ጣለ። ቤኒን በዚያው 2018 በሜጋባይት ልክ ክፍያ አወጣች፤ ሕዝቡ ሲቆጣ በቀናት ውስጥ ሰረዘችው። ሞሮኮ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. የመተግበሪያ ጥሪዎችን ዘጋች፤ ማራከሽ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤን ባስተናገደችበት ኅዳር መልሳ ከፈተች። ሳዑዲ አረቢያ በ2017 እ.ኤ.አ. ክልከላዋን አላላች። ጸሐፊው ምሳሌ ብለው የጠሯቸው አገሮች አብዛኞቹ ከመንገዱ የተመለሱ ናቸው።

ኤምሬትስ እውነት ነው፣ አልተመለሰችም። እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም፤ እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀደላቸው መተግበሪያዎች ብቻ ናቸው የሚሠሩት። ግን ይህ ምሳሌ ማንን እንደሚያስመስለን ልብ እንበል። ኤምሬትስ ጥሪ ስትዘጋ የሚቸገረው በብዛት ከውጭ የመጣው ሠራተኛ ነው፤ ከእነሱም መካከል የእኛ ልጆች አሉ። ዱባይ ያለች ልጅ እናቷን ለማግኘት መተግበሪያ ስትቀያይር፣ ጥሪው አልገባ ብሏት የድምፅ መልእክት ስትልክ የሰማ ሰው ያንን አሠራር ወደ አገሩ እናምጣው አይልም። የእኛ ነገር ከሠራተኛ ተቀባዩ አገር ይልቅ ከሠራተኛ ላኪዎቹ ጋር ነው መመዘን ያለበት። ሕንድን ብንወስድ፣ የኢንተርኔት ስልክን ከልክላ ቆይታ በሚያዝያ 2002 እ.ኤ.አ. ፈቀደች። በታኅሣሥ 2014 ከትልልቆቹ ኩባንያዎቿ አንዱ ለመተግበሪያ ጥሪ የተለየ የዳታ ዋጋ ሊጥል ሲል ሕዝቡ ጮኸና ኩባንያው ተወው። በየካቲት 2016 ደግሞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በይዘት እየለዩ የተለያየ የዳታ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ።

አሜሪካና አውሮፓ ይቆጣጠራሉ የሚለው ትክክል ነው፤ ምኑን እንደሚቆጣጠሩ ግን ጽሑፉ አልነገረንም። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የአሜሪካው ኮሚሽን በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ብቻ የሚደውል፣ ከስልክ ኔትወርክ ጋር የማይገናኝ አገልግሎት እንደ ስልክ አይታይም ብሎ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ቁጥር ሰጥቶ ከመደበኛው ስልክ ጋር የሚያገናኘው አገልግሎት የ911 የአደጋ ጥሪን በግዴታ እንዲያደርስ አዘዘ። ከዚያ በፊት ሂዩስተን ውስጥ ዘራፊዎች ወላጆቿን በጥይት የመቱባት ልጅ በቤታቸው የኢንተርኔት ስልክ 911 ደውላ ሳይገባላት ቀርቷል። በ2006 እነዚሁ ባለ ቁጥር አገልግሎቶች ለገጠር የስልክ ፈንድ እንዲያዋጡ ተደረገ።

አውሮፓም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የመገናኛ ሕግ ቁጥር የሚጠቀመውንና የማይጠቀመውን ለይታለች። በሰኔ 2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የቤልጅየምን ጉዳይ ሲዳኝ ስካይፕአውት፣ ማለትም ከስካይፕ ወደ መደበኛ ቁጥር በክፍያ መደወል፣ የቴሌኮም አገልግሎት ነው አለ። ከስካይፕ ወደ ስካይፕ የሚደረገው ነፃ ጥሪ በዚያ ፍርድ ውስጥ አልገባም። አንድ ኩባንያ፣ አንድ መተግበሪያ፣ ግን ሁለት ዓይነት አገልግሎት። ስካይፕ በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ያሰመረው መስመር ግን አለ።

ስለዚህ ጸሐፊው ለጠየቁት «ቁጥጥር» ሙሉ በሙሉ አይ አልልም። አንድ ኩባንያ አዲስ አበባ ላይ 011 ቁጥር እየሰጠ በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት ሊሸጥ ቢመጣ ፈቃድ ያውጣ። ደንበኛው 991 ወይም 907 ሲደውል ፖሊስና አምቡላንስ ጋ ያድርስ፤ ደንበኞቹን ይመዝግብ፤ ለገጠር ኔትወርክ ማስፋፊያ ድርሻውን ያዋጣ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለዚህ ነው ያለው። የማልቀበለው ከዚህ ወጥቶ በሁለት ሰዎች መካከል ባለው ወሬ ላይ ኬላ ማቆምን ነው።

የጸጥታው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። ወንጀለኛ መተግበሪያ ይጠቀማል፣ እውነት ነው። ፈቃድና ክፍያ ግን ምስጢራዊውን ጥሪ አይከፍቱም። ዋትስአፕ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆልፎታል፤ በቀን አምስት ብር ብንከፍልም ቁልፉ አይፈታም። መዝጋት ከሆነ ደግሞ ሞክረነዋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ አምስት ወር ያህል ቆየ፤ በዚያ ጊዜ ቪፒኤን መጫን ያልተማረ ወጣት አላጋጠመኝም። ወንጀለኛው ከወጣቱ ቀድሞ ነው የሚማረው። የማይማሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲነሳ ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ፣ እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ወራት ያሳለፈ ጓደኛ አለኝ። «ለጸጥታ ሲባል» የሚለው ቃል እንደ እሱ ያለ ሰው ጆሮ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚገባ ጸሐፊው እንዲያስቡት እለምናለሁ።

የመጨረሻው፣ ሕጉ ቀድሞውኑ ይከለክላል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የጠቀሱት ጽሑፍ በእርግጥም ተጽፏል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ አገልግሎቱን ለሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት፣ ለሚጠቀም ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራት አስቀመጠ። በዚያን ጊዜ የውጭ ጋዜጦች «በስካይፕ የደወለ 15 ዓመት ይታሰራል» ብለው ጽፈው ነበር። ስሕተት ነው፤ 15 ዓመቱ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማምረትንና ማስገባትን የሚመለከት ነበር። መንግሥትም ወዲያው ስካይፕን ለግል መጠቀም ወንጀል አይደለም የሚል ማብራሪያ ሰጠ። እፎይ ተባለ። ማብራሪያ ግን ሕግ አይደለም፤ ጸሐፊው ዛሬ ተነስተው ያንኑ አንቀጽ ጠቅሰው «ይተግበር» ማለታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ያ ክልከላ ሲተገበር ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። በ1996 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ግድግዳው ላይ «በኢንተርኔት ስልክ መደወል በሕግ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላቸውን የለበሱ እናቶች ይመጣሉ። እጃቸው ውስጥ የተጣጠፈች ወረቀት፣ ወረቀቷ ላይ የአሜሪካ ቁጥር። በቴሌ ለመደወል የደቂቃው ዋጋ ስለማይቻል ነው የሚመጡት። ባለቤቱ ወደ ኋላኛው ክፍል ያስገባቸዋል፤ ሄድፎኑን ሻሻቸው ላይ አስተካክዬ የማደርገው እኔ ነበርኩ። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ድምፅ እየዘገየ፣ ልጃቸው «እማዬ» ሲላቸው አፋቸውን ይይዛሉ። አንድ ቀን ተቆጣጣሪዎች መጡ ተብሎ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አንዲት እናት ሄድፎኑን እንዳደረጉ ቀሩ። ለዚያ ወር ያጠራቀሙት ብር ሄደ፣ ልጃቸውም «ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?» እያለ ማዶ ቀረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፤ ፈርተው ነው መሰለኝ።

«የሚጠቀም» የሚለው ቃል በሕግ ቋንቋ አንድ ቃል ነው፤ ለእኔ ግን የእኚያ እናት ፊት ነው። ሐሳቡ ጭራሽ አዲስ አለመሆኑንም አውቃለሁ፤ በ2008 ዓ.ም. ለመተግበሪያ ጥሪዎች የተለየ ክፍያ የመጣል ነገር ከኢትዮ ቴሌኮም ሰዎች ተሰምቶ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ የሚነሳው ነገሩ በሕግ በግልጽ ስላልተዘጋ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «የተጻፈው ይተግበር» ሲሉ እኔ የተጻፈው ይሰረዝ እላለሁ፤ በምትኩም ሁለት ሰዎች በገዙት ዳታ እርስ በርስ መነጋገራቸው የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትም ማጭበርበርም እንዳልሆነ፣ ዳታ የሚሸጥ ኩባንያም በዚያ ዳታ ላይ የሚሄደውን ድምፅ ለይቶ ማዘግየት፣ መዝጋትም ሆነ ማስከፈል እንደማይችል በአዋጁ ውስጥ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ።